በቀን አራት መቶ ምልልስ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጣሪው ይከፈታል። ዘሀራ አምስት ደቂቃ ትቀድመዋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትልና እጆቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች፤ ማንንም አታናግርም፣ የሚያናግራትም የለም። ከቀኑ ውስጥ እጆቿ የራሷ የሚሆኑት በእነዚህ አምስት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለችው የቆጣሪው መብራት አረንጓዴ ትሆንና ሥራ ይጀመራል።

ሥራው ማውራት ነው።

ካልሲ እንውሰድ። በሌላ ቤት ካልሲ ማልበስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ልጅ እግሯን ትሰጣለች፣ እናት ታለብሳለች፣ አለቀ። እዚህ ቤት ግን ዘሀራ መጀመሪያ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ቀይ ፕላስተር ላይ ትቆማለች። ደረቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ካልሲውን ከፍ አድርጋ በሌላኛው እጇ «ካልሲ» ትላለች። «ቀይ ካልሲ። የማን ነው?» ከዚያ በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች። የአራት ዓመት ተኩሏ ሪሃና «የኔ» ትላለች፤ መብራቷ ብልጭ ትላለች። አንድ ምልልስ። «የት ነው የሚገባው?» «እግር።» ብልጭ። «የትኛው እግር?» ሁለት ካልሲ በዚህ አካሄድ አሥራ ዘጠኝ ምልልስ ያወጣል። በወላጆች ማኅበር ውስጥ ሃያ አራት አወጣሁ የምትል እናት አለች፤ ዘሀራ አታምናትም።

ቁርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ማንኪያው ስም አለው፣ ሳህኑ ስም አለው፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ መነገር፣ ለእያንዳንዱም መልስ መጠበቅ አለበት። ሪሃና በሕይወቷ ትኩስ ቂንጬ በልታ አታውቅም። ስለ ትኩስ ቂንጬ ግን በሁለቱም እጆቿ አሳምራ መናገር ትችላለች።

ሕጉን ክፉ ሰዎች አላወጡትም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ መስማት የተሳነው ልጅ የሚያድገው ማንም በእጁ በማይናገርበት ቤት ነበር። አባት ትከሻውን ነቅንቆ ይጠራዋል፣ እናት ምግብ እያቀረበች ትወደዋለች፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። እንዲህ ያደጉ ልጆች በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ለእናታቸው እንኳ ስም አልነበራቸውም። ሕጉ የወጣው ለእነሱ ተብሎ ነው። የተወለደ ልጅ በሦስተኛ ቀኑ ጆሮው ይፈተናል፤ ካልሰማ ወላጆቹ የምልክት ቋንቋ ይማራሉ፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤታቸው ቆጣሪ ይሰቀላል፣ ልጁ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወር አማካይ በቀን አራት መቶ ምልልስ ማስመዝገብ ግዴታቸው ይሆናል። ሁለት ወር በተከታታይ ከዚያ በታች የወረደ ቤት ልጁን ለስድስት ወር ደሴ ላለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ እዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ቋንቋ ይጠጣል። በአዳሪው ልጅ አይመታም፣ አይራብም። ማንም የሚከሰው ነገር የለውም።

ቆጣሪውን የሰቀሉት የውኃና የመብራት ቆጣሪ የሚሰቅሉት ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው በየወሩ መጀመሪያ ላይ የምትመጣዋን ሴት «ቆጣሪ አንባቢዋ» ይላታል። ስሟ ማስተዋል ነው። እሷም መስማት የተሳናት ናት።

ዘሀራ ያደገችው ሐርቡ፣ ሽንኩርት ከሚያመርቱ ወላጆች ቤት ነው። አባትና እናቷ ማለዳ ወጥተው ሲያርሙ ውለው፣ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይለዋወጡ ሰዎች ነበሩ። ተጣልተው አይደለም፤ አንዱ ቀና ካለ ሌላው ውኃ እንደፈለገ ያውቃል፣ ያ ይበቃቸዋል። እሷም የወጣችው እነሱን ነው። ይመር ሲያጫት «አንች ያለሽበት ቤት ሰው ያለም አይመስል» ብሎ ይቀልድባት ነበር፤ የወደዳትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ናት ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራዋን ለቃ በቀን አራት መቶ ጊዜ እንድታወራ የተፈረደባት። አወራች። ክንዷ ከትከሻዋ እየተነቀለ እስኪመስላት አወራች።

ባሏ ይመር ጅቡቲ መንገድ ላይ ሾፌር የሌላቸው አሥራ ስምንት ከባድ መኪናዎችን ከአንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ በስክሪን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቁጥር ይወዳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥራቸው አንዱን ወር ሦስት መቶ ዘጠና፣ ሌላውን አራት መቶ አምስት ላይ እየተንገዳገደ ሲያስጨንቃቸው ምክንያቱን ያገኘው እሱ ነው። ዘሀራ ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ ስትናገር ጀርባዋ እጆቿን ይሸፍናል፤ ቆጣሪው ያላየውን አይቆጥርም። ይመር አንድ ቅዳሜ ቀይ ፕላስተር ይዞ ወለሉን ሲለካ ዋለ። ፕላስተሩ ላይ ቆሞ ደረቱን ወደ ግድግዳው የሰጠ ሰው አንዲት ጣቱ እንኳ አትጠፋበትም። በዚያው ወር አማካዩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገባ። ከሕንጻው ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች መጥተው አዩ፤ ማኅበሩም ምክሩን ለሁሉም አዳረሰው፦ መጀመሪያ ለቆጣሪው፣ ከዚያ ለልጁ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። መስከረም ላይ ሪሃና ትሸት ጀመር።

ዘሀራ መጀመሪያ ጥርሷ መሰላት። አፏን አጠበቻት። ቀጥሎ ጆሮዋን አየች። በሦስተኛው ቀን ሽታው ስለባሰ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ በትንሽ ባትሪ አፍንጫዋን አየና በመቆንጠጫ አንድ ሽምብራ አወጣ። ሽምብራው አብጦ ሊበቅል ነበር። «ልጅቱ በጣም ሲያማት ነው የሰነበተው» አለ ሐኪሙ። «አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም» አለች ዘሀራ። አራት ዓመት ተኩል ቋንቋ ያጠጣቻት ልጅ።

ጥቅምት አንድ ቀን የወሩ ሪፖርት በቆጣሪው ስክሪን ላይ ወጣ። ዘሀራ እንደ ሁልጊዜው ቁጥሯን አይታ ልትዘጋው ነበር። ከታች በኩል ግን እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ «ልጅዎ በዚህ ወር በራሷ ተነሳሽነት ስለ ሰውነቷ ስሜት 41 ጊዜ ተናግራለች። ይህ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ ዕድገት ነው። እንኳን ደስ አለዎት።» ቀኖቹም ተዘርዝረዋል። ሦስቱ የሽምብራ ቀናት ናቸው። «ያማል። እዚህ ያማል። አውጪልኝ።» አርባ አንድ ጊዜ።

ሪሃናን ወደ ራሷ አዞረችና በእጇ ጠየቀቻት፦ «ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሪሃና ግራ ገባት። ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «ነገርኩ።»

ዘሀራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ሰው ሲያወራ ያየችው ወደ ግድግዳ ነው። እናቷ ወደዚያ ታወራለች፣ አባቷ ወደዚያ ያወራል፣ እንግዳ ቢመጣ ወደዚያ ዞሮ ያወራል። ግድግዳው ደግሞ ሁልጊዜ ይመልሳል፤ ብልጭ ይላል፣ አይደክመውም፣ ድስት ሊያማስል አይሄድም። የሚወራው ለእሱ ነው ብትል ምን ይፈረድባታል። እነዚያን ሦስት ቀናት ዘሀራ ወጥ ቤት ነበረች፤ መካከላቸው ስድስት እርምጃ አይሞላም ነበር። አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ድምፅ ብታሰማም ልጇ እንደማትሰማት እያወቀች።

በማግሥቱ ማስተዋል መጣች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ የምትይዝ፣ ሊፍት ስለማታምን አሥራ አራት ፎቅ በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት። ቁጥሩን አነበበችና በእጇ «ስድስት መቶ አምስት፤ ጥሩ ነው» አለች።

ዘሀራ የሽምብራውን ነገር ነገረቻት። ማስተዋል እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«ስንት ቤት አይቻለሁ መሰለሽ» አለች በመጨረሻ። «በር ስገባ ልጆቹ እኔን አያዩኝም። ግድግዳውን አይተው ሰላም ይላሉ።»

«ለበላይ አልነገሩም?»

«ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። ቁጥሩ እየጨመረ ነው ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ እየጨመረ ነው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

ማስተዋል እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አነሳቻቸው። «እኔ እስከ ስድስት ዓመቴ ቤታችን ውስጥ እንደ ዕቃ ነበርኩ። ሰው ያደረገኝ ደሴ ያለው አዳሪ ነው፤ ያኔም ነበር። ቋንቋዬን እዚያ አገኘሁ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወደ ቤት መለሱኝ፤ እናቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። ያየሁትን ሁሉ፣ የተማርኩትን ሁሉ፣ እጄ እስኪዝል ነገርኳት። ፈገግ አለችና ዳቦ ሰጠችኝ። ስለዚህ ቆጣሪውን ጣይው አትበይኝ። እናቶችን እጃቸውን አስነስቷል። መሸፈን ወንጀል ነው። ጀርባሽን መስጠት ግን አይከለከልም። እኔ የማነበው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ይኸን ዕወቂልኝ።»

ያን ቀን ይመር ከሥራ ሲገባ ዘሀራ ያሰበችውን ነገረችው። ይመር ጫማውን ሳያወልቅ አዳመጣት።

«አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀራት» አለ። «ስድስት ሲሞላት ይነሳል። ያኔ እንዳሻሽ ታወሪያታለሽ፣ ማን ይከለክልሻል?»

«ያኔ እኔን ምን ትለኛለች?»

«እናቴ ትልሻለች እንጂ ምን ትልሻለች።»

«ስሜን ታውቀዋለች፤ እሱን አይደለም የምልህ። ሦስት ቀን አፍንጫዋ ሲመግል ከጎኗ ነበርኩኮ፣ ይመር።»

«ከወሰዷትስ? ስድስት ወር፣ ዘሀራ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በመስኮት እንዳለ እስረኛ ልታዪያት ነው?»

ይመር የሚፈራው ነገር እሷም የምትፈራው ነው። ልዩነታቸው እሷ ከዚያ የባሰ የምትፈራው ሌላ ነገር ማግኘቷ ብቻ ነው። «ጥቅምትን ስጠኝ» አለችው። ይመር ጫማውን አወለቀ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ቆጣሪው የማያያት አንዲት ጥግ አለች። ዘሀራ ሳፋዋን እዚያ አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማጠቢያ ማሽን እያለ የልጅ ልብስ በእጇ ማጠብ ጀመረች። ሪሃና ስትመጣ እርጥብ ካናቴራ አንስታ «ውኃ» አለቻት፣ ከዚያ ዝም ብላ ፊቷን አየች። ሪሃና የእናቷን ትከሻ አልፋ ግድግዳ ፈለገች። ግድግዳው የለም። ዘሀራን ዞራ ወደ ሳሎን ሄደችና ስለ ውኃው ለቆጣሪው ነገረችው። ቆጣሪው ብልጭ አለላት።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ሆነ። የከፋው ደግሞ ሪሃና ዝም ማለቷ ነው። የሚጠይቃት ሲቀንስ የምትናገረውም ቀነሰ፤ አንዳንድ ቀን ከምሳ እስከ ማታ እጇን ሳታነሳ ትውላለች። ዘሀራ ልጇን በገዛ እጇ ወደ ድሮዎቹ ልጆች እየመለሰቻት እንደሆነ ይሰማት ነበር። ከጥግ ተነስታ ፕላስተሩ ላይ ሄዳ ልትቆም ስንት ጊዜ ዳዳት። አልሄደችም። ነጭ ሽንኩርት ላጠች፣ ባቄላ ፈለፈለች፣ ካልሲ አጣጠፈች፤ አንድ ነገር ብላ ጠበቀች። የአሁኑ መጠበቅ እስከ አምስት አይቆጠርም። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይሆናል። በሕይወቷ የምታውቀው ሥራ ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፦ ከሰው ጎን ተቀምጦ ቀና እስኪል መጠበቅ።

በሦስተኛው ሳምንት ሪሃና መጥታ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ነጭ ሽንኩርት አንስታ ላጠችና አሸተተችው። ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ያየችው እናቷ ማየቷን ለማወቅ ነበር። ዘሀራም ፊቷን ልክ እንደሷ አጨማደደች። ሪሃና ሳቀች፤ ሌላ ሽንኩርት አንስታ እንደገና አሸተተች፣ እንደገና አየቻት። ሃያ ሽንኩርት እስኪያልቅ ይህንኑ አደረጉ። ማንም አልቆጠረላቸውም።

የጥቅምት አማካይ አንድ መቶ ዘጠና ሆነ። ማስተዋል አንብባ ማስጠንቀቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ስትወጣ የሪሃናን ራስ ዳሰሰች።

በኅዳር ሁለቱንም እንሞክር ተባባሉ፤ የይመር ሐሳብ ነው። ጠዋት ዘሀራ ፕላስተሩ ላይ፣ ማታ ይመር ፕላስተሩ ላይ፣ በመካከሉ ያለው ሰዓት ለጥጓ። ቁጥሩ አራት መቶ ሃያ ገባ። ይመር ደስ አለው። ሪሃና ግን በአምስተኛው ቀን ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ጥጓ ውስጥ ከእናቷ ጋር ትጫወታለች፣ ትስቃለች፤ የሆነ ነገር ስትፈራ ወይ ስትመኝ ግን ሮጣ ሄዳ ለቆጣሪው ትነግረዋለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቃ ክርኗ ሲደማ እናቷን አልፋት ሄዳ ደሙን ለግድግዳው አሳየች። ዘሀራ ክርኗን አጥባ አሰረችላትና ከኅዳር አሥራ ሁለት ጀምሮ ፕላስተሩ ላይ መቆሟን ተወች። ይመር ብቻውን ቀጠለ። ማታ ማታ ራቱን እንኳ ሳይቀምስ ቆሞ፣ እንደ ዜና አንባቢ ደረቱን ነፍቶ፣ ለልጁ የዕለቱን አሥራ ስምንት መኪናዎች አንድ በአንድ ይተርክላት ነበር። ቁጥሩ ይወርዳል። እሱ ይከሳል።

ኅዳር ሃያ ስድስት ማታ አማካዩ ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ ነበር። ይመር ደመረ፣ ቀነሰ። «አራት ቀን ቀርቶናል። በቀን ሰባት መቶ ሃያ አምስት ከሠራን እናተርፋታለን» አለ። «የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። አንችም ቁሚ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የፈለግሽውን አድርጊ፤ አሁን ግን በአላህ ቁሚ።»

ዘሀራ ባሏን አየችው። ከሁለት ወር በፊት የነበረው ሰው አይደለም። ልጇ ያለችበት ቤትና ልጇ የሌለችበት ቤት በየተራ መጡባት። «እሺ» አለች። ከልቧ ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱም ፕላስተሩ ላይ ቆሙ። ካልሲው ሃያ ስድስት አወጣ፤ ያቺ የማኅበሩ ሴት አልዋሸችም ነበር። ቁርሱ መቶ አርባ። ይመር ሲደክም ዘሀራ ትቀበላለች፣ ዘሀራ ሲደክማት ይመር። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሦስት መቶ አሥር ሠሩ። ሪሃና ወንበሯ ላይ ሆና ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ትመልሳለች፤ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ዘሀራ ውኃ ልትጠጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ እያለ ቀሚሷ ተጎተተ።

ሪሃና ነበረች። ከወንበሯ ወርዳ፣ አባቷን እጁ አየር ላይ እንዳለ ትታው፣ ለቆጣሪው ጀርባዋን ሰጥታ መጥታለች። ዘሀራ ጎንበስ አለች። ልጅቷ የእናቷን አገጭ በትንሽ እጇ ይዛ ወደ ራሷ አቀናችው፤ ማየቷን አረጋገጠች፤ ከዚያ እጇን ለቀቀችና ተናገረች።

«ሆዴን አመመኝ።»

«የት ጋ?»

«እዚህ። ብዙ ቂንጬ።»

«ልሽልሽ?»

«እሺልኝ።»

ዘሀራ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን አሸችላት። ይመር በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሁሉንም አይቷል፤ ሰዓቱንም አይቷል። አራት መቶ አሥራ አምስት ይቀራቸዋል። ዘሀራ ቀና ብላ አየችው፤ አሁን ተነሽ ቢላት እንደምትነሳ፣ ልጇን ከዚህ አንስታ ወንበሩ ላይ እንደምታስቀምጣት ታውቅ ነበር፤ ቃል ገብታለችና። ይመርም ይህን ያውቃል።

«ተይው» አለ ይመር። «አታንሻት።» ከዚያ እሱም መጥቶ ከሳፋው ማዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሪሃና ለአባቷም ሆዷን አሳየችው።

የኅዳር አማካይ ሦስት መቶ ሠላሳ ሆነ።

ታኅሣሥ ሁለት፣ ቅዳሜ ጠዋት ማስተዋል መጣች። ከታች መኪና ቆሟል። የሪሃና ልብስ በሻንጣ ተዘጋጅቷል፤ ይመር ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል። በደንቡ መሠረት ልጅ የት እንደሚሄድ በገዛ ቋንቋው ሳይነገረው አይወሰድም፤ የሚነግረው ደግሞ ወላጅ ነው። ማስተዋል ቅጹን ይዛ ቆመች።

ዘሀራ ተንበረከከች። እጇ ከሁለት ዓመት ሥራ ይልቅ ያኔ ከበዳት። «በመኪና ትሄጃለሽ። ትልቅ ቤት። ብዙ ልጆች፣ ሁሉም በእጃቸው የሚያወሩ። እዚያ ትተኛለሽ። ብዙ ቀን።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ።»

ሪሃና አሰበች። መብራቷ ግድግዳው ላይ ቦግ ብላ ነበር፤ ዞር ብላም አላየቻት። የእናቷን አገጭ ያዘች፣ አቀናችው፣ ለቀቀችው።

«እዚያ ለማን ልንገር?»

ዘሀራ ማስተዋልን አየቻት። ቆጣሪ አንባቢዋ ጥያቄውን አይታዋለች፤ ቅጹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ መስኮቱ ፊቷን አዞረች። ዘሀራ ወደ ልጇ ተመለሰች።

«ለኔ» አለቻት። «ሁሉንም ለኔ። እስከ ዓርብ ያዢልኝ።»

ሪሃና ራሷን ነቀነቀች። የተሰጣትን ሥራ የተቀበለች ትመስል ነበር። ከዚያ ከማስተዋል ጋር ደረጃውን ወረደች፤ አሥራ አራቱንም ፎቅ በእግር።

ያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ እንዴት እንዳለፈ መተረክ አያስፈልግም። ቆጣሪው በየንጋቱ እየበራ ባዶ ሲያነብ ዋለ። ዘሀራ እንደ ድሮዋ ዝም ብትል ማንም አይከሳትም ነበር፤ ዝምታው ግን የድሮው ዝምታ አልሆነላትም።

ዓርብ ከሰዓት በፊት አውቶቡስ ተሳፍራ ደሴ ወጣች፤ ይመር ፈቃዱን ጨርሶ ስለነበር ብቻዋን ናት። የአዳሪው የእንግዳ ክፍል ሰፊና ንጹሕ ነው። ለጉብኝት የተፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ እዚህ የሚቆጥር አያስፈልግም፣ ሁሉም ያወራል። ሪሃና ሮጣ መጣች፣ ተጠመጠመችባት፤ ወዲያው ራሷን አላቀቀችና እናቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። አገጯን አቀናች። ጀመረች።

መኪናው። መኪናው ውስጥ ማስተዋል የሰጠቻት ብርቱካን። ዳገቱ፣ ደመናው። ዘሀራ አንዳንዱን ምልክት አታውቀውም ነበር፤ ልጅቷ በስድስት ቀን ውስጥ ከእሷ በልጣለች። «ይኼ ምንድን ነው?» ስትላት ሪሃና ሳትሰለች ቀስ ብላ ደግማ ታሳያታለች፣ እናቷ እስክትይዘው ትጠብቃታለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። የአልጋዋ ቁጥር። ከጎኗ የምትተኛዋ ልጅ፣ ጥርሷ የወለቀው። ራቱ፤ ራቱ ላይ የነበረው ድንች፤ ድንቹ ላይ የነበረው ጥቁር ነጥብ። የቅዳሜ ሌሊት መብራት ሲጠፋ የፈራችው፤ ምን ያህል እንደፈራች፣ ከዚህ እስከዚህ። ምንም አልዘለለችም። የዘሀራ ጉልበት ደነዘዘ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ዓይኗ ከልጇ እጅ ለቅጽበት አልተነሳም።

የክፍሉ መብራት ሦስት ጊዜ በራ፣ ጠፋ። ወላጆች መነሳት ጀመሩ። ሪሃና ገና እሑድ ቁርስ ላይ ነበረች።